ሣሩን ለምትበላው ጥንቸል የተጻፈ ማስጠንቀቂያ የለም

በረዶው ቀልጦ የአፕሪል ፀሐይ መሞቅ ሲጀምር፣ በአውሮራ ከተማ ሃቫና ስትሪትን ተከትለው በተዘረጉት የመኖሪያ ሰፈሮች በርሜል የጫኑ የሣር እንክብካቤ ድርጅቶች መኪናዎች ይመላለሳሉ። ሠራተኛው ቱቦውን ዘርግቶ ግቢውን በደቂቃዎች ውስጥ ይረጫል፤ በሣሩ ጠርዝ ላይም ትንሽ ምልክት ተክሎ ይሄዳል። በኮሎራዶ ሕግ መሠረት በክፍያ የሚረጭ ድርጅት ይህን ምልክት የመትከል ግዴታ አለበት። በኬሚካሉ ጠርሙስና ከረጢት ላይ የሚነበበው መመሪያም በአብዛኛው ተመሳሳይ ነው፦ የተረጨው እስኪደርቅ ድረስ ሰዎችና የቤት እንስሳት ወደ ሣሩ አይግቡ። ከደረቀ በኋላስ ተብሎ ሲጠየቅ የሚሰጠው የተለመደ መልስ «ችግር የለም» የሚል ነው።

ይህ መልስ ውሻ ላለው ሰው የተሰጠ መልስ ነው። ውሻ በሣር ላይ ይሮጣል፣ ይንከባለላል፣ አልፎ አልፎም ጥቂት ይቀነጥሳል። ጥንቸል ግን ሣሩን ትበላዋለች። ለእርሷ ግቢው የመጫወቻ ሜዳ ሳይሆን ማዕድ ነው። «ሲደርቅ ችግር የለውም» የሚለው ቃል የሚናገረው በእግርና በእጅ ስለሚነካ ነገር እንጂ ወደ ሆድ ስለሚገባ ነገር አይደለም። በመሆኑም ጥንቸል ያለው ቤተሰብ ግቢውን እንደ ምንጣፍ ሳይሆን እንደ መኖ ማሳ ሊቆጥረው ይገባል፤ ወይ ኬሚካሉን ወይ ጥንቸሏን ከሣሩ ላይ ማስወገድ ግድ ነው። ቀን ቆጥሮ ሁለቱንም ማስታረቅ ይቻላል የሚለው አስተሳሰብ ደካማ መሠረት ላይ የቆመ ነው።

በኢትዮጵያውያን ቤት ጥንቸል የምትገባው ብዙውን ጊዜ በልጆች ልመና ነው። በኦርቶዶክስ ክርስትና ሥርዓት ሥጋዋ አይበላም፤ ስለዚህ ለወላጆች ጥንቸል በተረት የሚያውቋት ብልጥ እንስሳ እንጂ ያረቧት ከብት አይደለችም። ዶሮና በግ አርብቶ ያደገ ሰው እንኳ ጥንቸል ምን እንደሚያማት፣ ምን እንደማይስማማት የወረሰው ዕውቀት የለውም። አሜሪካ የተወለዱት ልጆች በበኩላቸው ከቤት እንስሳት መደብር የሰሙት ስለ ቤቷና ስለ ምግቧ እንጂ ስለ ጎረቤት ግቢ አይደለም። ክፍተቱ የሚፈጠረው እዚህ ላይ ነው።

የጥንቸል አካል አሠራር ጉዳዩን ከውሻና ከድመት ፈጽሞ የተለየ ያደርገዋል። በትንሹና በትልቁ አንጀት መገናኛ ላይ ትልቅ ከረጢት አላት፤ የበላችው ቃጫ የሚብላላው በዚያ በሚኖሩ ረቂቅ ተሕዋስያን ነው። ከዚያ የሚወጣውን ለስላሳ ኩስ በቀጥታ ከመቀመጫዋ ወስዳ መልሳ ትውጠዋለች። ስለዚህ ምግቧ ሁለት ጊዜ በሆዷ ውስጥ ያልፋል። (በኦሪት ዘሌዋውያን ጥንቸል ከሚያመሰኩት ጋር መቆጠሯን የሚያስታውስ አንባቢ ይኖራል፤ የዛሬው ሳይንስ ማመስኳት ባይለውም፣ ምግብን ደግሞ የመመገብ ልማዷን ግን በሚገባ ያረጋግጣል።) ከዚህ ሌላ ቀኑን ሙሉ ጠጉሯንና መዳፏን ስትልስ ትውላለች፤ በእግሯ የነካችው ሁሉ መጨረሻው አፏ ነው። ከሁሉም የሚከፋው ደግሞ ጥንቸል ማስታወክ አለመቻሏ ነው። ውሻ የማይስማማውን ሲበላ ብዙ ጊዜ ያስመልሰውና ይገላገላል፤ ጥንቸል የዋጠችውን የምታስወጣበት መንገድ አንድ ብቻ ነው፣ እርሱም ረጅም ነው።

በዚያ ከረጢት ውስጥ ያሉት ተሕዋስያን ሚዛናቸው ከተናጋ ወይም ጥንቸሏ በሕመም ምክንያት መብላት ካቆመች አንጀቷ እንቅስቃሴውን ይገታል። ግማሽ ቀን ያህል ምንም ያልበላች ጥንቸል ለእንስሳት ሐኪም አስቸኳይ ሕመምተኛ ናት። አንድ ኬሚካል ጥንቸልን ለመግደል የግድ ኃይለኛ መርዝ መሆን አይጠበቅበትም ማለት ነው፤ የምግብ ፍላጎቷን ለአንድ ቀን ከዘጋ፣ ቀሪውን የራሷ አንጀት ይጨርሰዋል።

ነገሩን በቁጥር ማየት ይጠቅማል። በአሜሪካ ግቢዎች ሰፊ ቅጠል ያላቸውን አረሞች ለማጥፋት በብዛት ከሚረጩት ኬሚካሎች አንዱ ቱ-ፎር-ዲ ነው። ለሣር የሚፈቀደው ከፍተኛ መጠን በአንድ ርጭት በኤከር 1.5 ፓውንድ፣ ማለትም በካሬ ሜትር 0.17 ግራም ገደማ ነው። የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲ ለዱር እንስሳት የሚደርሰውን ጉዳት ሲገምት የሚጠቀምበት ስሌት አለ፤ በኤከር አንድ ፓውንድ ሲረጭ በአጭር ሣር ላይ በኪሎ እስከ 240 ሚሊግራም ሊገኝ ይችላል ይላል። በዚህ ስሌት በ1.5 ፓውንድ አንድ ኪሎ ሣር እስከ 360 ሚሊግራም ይይዛል። ሁለት ኪሎ የምትመዝን ጥንቸል በርጭቱ ማግሥት 200 ግራም ሣር ብትግጥ ወደ ሆዷ የሚገባው እስከ 72 ሚሊግራም ነው፤ ለእያንዳንዱ ኪሎ ክብደቷ 36 ሚሊግራም ማለት ነው።

ይህ መጠን ጥንቸሏን ወዲያው ይገድላታል ማለት አይደለም፤ በቤተ ሙከራ አይጦችን ለሞት ያደረሰው መጠን ከዚህ በብዙ እጥፍ ይበልጣል። ስሌቱም የላይኛውን ጣሪያ የሚያሳይ ነው። ነገር ግን ያው ኤጀንሲ ለሰው የሚፈቀደውን የዕለት ገደብ ሲያወጣ መነሻ ያደረገው፣ በአይጦች ላይ ጉዳት ያልታየበት መጠን በኪሎ ክብደት 21 ሚሊግራም መሆኑን፣ ያንንም ለጥንቃቄ ለመቶ ማካፈሉን ስናስብ፣ አንድ ምሳ ከመነሻው በላይ ሊሆን እንደሚችል እንረዳለን። በሣሩ ላይ የሄደ ውሻ ከዚህ ጋር የሚቀራረብ ነገር አይደርሰውም። «ለቤት እንስሳት አይጎዳም» የሚለው አነጋገር ሁለቱን በአንድ ከረጢት መክተቱ ነው ስሕተቱ።

ማጠብስ? ቱ-ፎር-ዲ በቅጠል በኩል ገብቶ በተክሉ አካል ውስጥ የሚዘዋወር ኬሚካል ነው፤ ጠዋት የተረጨን ሣር ማታ በውሃ ማለቅለቅ ከላይ የቀረውን እንጂ የገባውን አያወጣም። ከዚህም የባሰው በአፈር በኩል የሚሠራው ዓይነት ነው። በዴንቨር አካባቢ የጃፓን ጢንዚዛ ከተስፋፋ ወዲህ የሣር ሥር የሚበሉ እጮቿን ለመግደል ኢሚዳክሎፕሪድ የተባለ ፀረ-ተባይ ይጨመራል፤ ሥሩ ይመጥጠውና ወደ ቅጠሉ ይወጣል። ኮሎራዶ እ.ኤ.አ. በ2023 ባወጣችው ሕግ ይህን የኬሚካል ቤተሰብ ከተራ መደብር መደርደሪያ አውርዳ ፈቃድ ባላቸው ሻጮች እጅ ብቻ እንዲሆን አድርጋለች፤ ዓላማዋ ንቦችን መጠበቅ ነበር። የባለሙያ ርጭት ግን ቀጥሏል።

የኬሚካል አምራቾችና ረጪዎች ክርክር ሊናቅ የማይገባ ነው። እያንዳንዱ ምርት በኤጀንሲው ተመዝግቧል፣ መጠኑ ተለክቷል፣ በፀሐይና በአፈር ተሕዋስያን ይበሰብሳል ይላሉ። እውነት ነው፤ የቱ-ፎር-ዲ ግማሹ በአፈር ውስጥ ለመጥፋት በአብዛኛው ከሁለት ሳምንት በታች ይበቃዋል። ሆኖም ከራሳቸው ጽሑፍ ላይ ጥቂት ሰው ብቻ የሚያነበው መስመር አለ። በብዙ የሣር ኬሚካሎች መመሪያ ውስጥ «የተረጨውን ሣር እንስሳት አይጋጡት፣ ታጭዶም ለከብት አይሰጥ» የሚል ትእዛዝ በደቃቅ ፊደል ተጽፎ ይገኛል። አምራቹ ሣር በል እንስሳ ጉዳዩ የተለየ መሆኑን ያውቃል ማለት ነው። ያላሰበው ነገር ቢኖር፣ ያ «ከብት» ሁለት ኪሎ ሆኖ፣ ስም ወጥቶለት፣ በልጅ ክፍል ውስጥ ሊያድር መቻሉን ነው። ጥንቸል በሕግ ዓይን የቤት እንስሳ፣ በሆዷ ግን ከብት ናት።

ሃቫና ስትሪትን ይዞ ወደ ሰሜን የሚጓዝ ሰው የኢትዮጵያ ምግብ ቤቶችን፣ የኮሪያ መደብሮችንና የመኪና መሸጫዎችን አልፎ፣ ኢንተርስቴት 70ን ተሻግሮ፣ በሞንትቤሎ ሰፈር አጠገብ ወደ አንድ ሰፊ ሜዳ ይቃረባል። ሜዳው ዛሬ ጎሽና አጋዘን የሚሰማሩበት ብሔራዊ የዱር እንስሳት መጠለያ ነው። እ.ኤ.አ. በ1942 ሲመሠረት ግን የሠራዊቱ የኬሚካል ጦር መሣሪያ ፋብሪካ ነበር፤ ስሙም ሮኪ ማውንቴን አርሰናል። የሰናፍጭ ጋዝ፣ በኋላም ሳሪን የተባለው የነርቭ ጋዝ ተመርቶበታል። ከጦርነቱ በኋላ ሠራዊቱ ሕንፃዎቹን ለግል ኩባንያዎች ሲያከራይ፣ ሼል ኩባንያ እስከ 1982 ድረስ ፀረ-ተባይ ኬሚካሎችን አምርቶበታል።

በዚያ ስፍራ ታሪክ ውስጥ ጥንቸል ሥራ ነበራት። እ.ኤ.አ. በ1970 የተነሣ አንድ የታወቀ ፎቶግራፍ በቀድሞው የሳሪን ማምረቻ ጋዙ ማፈትለክ አለማፈትለኩን ለማረጋገጥ ያገለገለች ጥንቸል ያሳያል። ማሽን ሳይሆን እርሷ የተመረጠችበት ምክንያት ግልጽ ነው፤ ለነርቭ መርዝ ያላት ስሜት ቶሎ ይታያል፣ የዓይኗ ብሌን ይጠባል፣ ምራቋ ይዝረበረባል። በጓሮ አትክልት ላይ እስከ ዛሬ የሚረጨው ማላታዮን ደግሞ ጉልበቱ እጅግ ያነሰ ይሁን እንጂ የሳሪን የሩቅ ዘመድ ነው፤ ሁለቱም የሚያጠቁት አንድ ዓይነት የነርቭ ኤንዛይም ነው።

ራሼል ካርሰን እ.ኤ.አ. በ1962 ባሳተመችው «ዝምተኛው ጸደይ» የተሰኘ መጽሐፏ ስለዚሁ ፋብሪካ ጽፋለች። ከፋብሪካው ማይሎች ርቀው የሚኖሩ ገበሬዎች ከብቶቻቸው በማይታወቅ ምክንያት ሲታመሙ፣ ሰብላቸው ሲበላሽ አዩ። የጉድጓድ ውሃቸው ሲመረመር ከተገኙት ነገሮች አንዱ ቱ-ፎር-ዲ ነበር። አስደናቂው ነገር ፋብሪካው ቱ-ፎር-ዲ አምርቶ አለማወቁ ነው፤ ካርሰን እንደምትለው፣ በፍሳሽ ኩሬዎቹ ውስጥ የተጠራቀሙት ሌሎች ኬሚካሎች ከአየር፣ ከውሃና ከፀሐይ ጋር ተዋሕደው ያለ ኬሚስት እጅ በራሳቸው ፈጠሩት። አርሰናሉ እ.ኤ.አ. በ1987 በአገሪቱ እጅግ ከተበከሉ ስፍራዎች ዝርዝር ገባ፤ ጽዳቱ እስከ 2010 ዘለቀ። የግቢ ሣር ርጭት ከዚያ ጋር የሚነጻጸር አይደለም። ነገር ግን ኬሚካል ከተረጨበት ቦታ እንደማይንቀሳቀስ ለሚያምን ሰው፣ በዚያው ጎዳና ጫፍ የተጻፈ ሌላ ምስክርነት አለ።

ቱ-ፎር-ዲ ለኢትዮጵያውያንም ባዕድ ስም አይደለም። የጎጃም፣ የሸዋና የአርሲ ስንዴና ጤፍ አምራች ከጀርባው በሚያዝለው መርጫ ለአሥርት ዓመታት ሲጠቀምበት ኖሯል። አረሙን በእጁ ነቅሎ ለከብቱ የሚያበላ ገበሬ፣ ፀረ-አረም ሲረጭ ያ መኖ እንደሚቀርበት ያውቃል። የከተማው ሰው ግን ይህን ዕውቀት ይዞ አልተሰደደም። ቋንቋችንም አይረዳንም፤ የምንረጨውን ሁሉ «መድኃኒት» እንለዋለን፦ የአረም መድኃኒት፣ የተባይ መድኃኒት፣ የአይጥ መድኃኒት። አንዲት እናት ለልጇ «ሣሩ መድኃኒት ተደርጎበታል» ስትል ልጁ የሚሰማው ማስጠንቀቂያ ነው ወይስ ማጽናኛ?

የስም ነገር ከተነሣ፣ በመደብር የሚሸጠው ራውንድአፕም ሊጠቀስ ይገባዋል። ባየር ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2021 ባስታወቀው መሠረት ከ2023 ጀምሮ ለመኖሪያ ቤት በሚሸጡት ምርቶቹ ውስጥ ግላይፎሴትን በሌሎች ኬሚካሎች መተካት ጀምሯል። ከተተኩት ውስጥ ዳይኳት የተባለው ይገኝበታል፤ ከተዋጠ ጉዳቱ ከግላይፎሴት የከፋ ነው። የጠርሙሱ ስምና መልክ ግን ብዙም አልተለወጠም። «ይሄን እኮ ለዓመታት ስንጠቀም ምንም አልሆንም» የሚል ጎረቤት ስለ ሌላ ፈሳሽ እየተናገረ ሊሆን ይችላል።

አሁን ጥያቄው የማን ኃላፊነት ነው ወደሚለው ይመጣል። በሃቫና ዙሪያ የሚኖሩ ብዙ ቤተሰቦች ተከራዮች ናቸው፤ ቤት የገዙትም ቢሆኑ ብዙዎቹ የፊት ለፊቱን ሣር የሚያስተዳድር የቤት ባለቤቶች ማኅበር አባላት ናቸው። መቼ፣ ምን እንደሚረጭ የሚወስነው ሌላ ሰው ነው። የኮሎራዶ ሕግ የፀረ-ተባይ ቁጥጥርን ለስቴቱ መንግሥት ስለያዘው የአውሮራ ከተማ ምክር ቤት ቢፈልግም በግል ግቢ ላይ ርጭትን መከልከል አይችልም። በሐኪም ማስረጃ የተመዘገቡ ለኬሚካል ስሱ የሆኑ ሰዎች አስቀድሞ እንዲነገራቸው የሚያደርግ መዝገብ አለ፤ ለእንስሳት ግን የለም። የራሱን ግቢ በራሱ የሚረጭ ጎረቤት ደግሞ ምልክት የመትከል ግዴታ እንኳ የለበትም።

በዚህ ሁሉ መካከል ቀላልና ርካሽ የሆነ ነገር ግን አለ። ተከራይ የሚያስተናግድ አስተዳደር የርጭት ቀንና የኬሚካሉን ስም ከሁለት ቀን በፊት በስልክ መልእክት ቢልክ የሚያወጣው ወጪ ከቁጥር አይገባም። አማርኛ በአውሮራ ትምህርት ቤቶች በብዛት ከሚሰሙት ቋንቋዎች አንዱ ሆኖ ሳለ፣ የኪራይ ክፍያ ማስታወሻ በየወሩ የሚደርሰው ነዋሪ የርጭት ማስታወሻ በሚገባው ቋንቋ ሊነፈገው አይገባም። ይህን መጠየቅ የጥንቸል ጉዳይ ብቻም አይደለም፤ በዚያው ሣር ላይ የሚድህ ሕፃን ያለው ሰው ሁሉ ይጠቀማል።

ማስታወሻው እስኪመጣ ድረስ ጥንቃቄው በቤት ውስጥ ይጀምራል። ጥንቸል ለመኖር የግቢ ሣር አያስፈልጋትም፤ የምግቧ አብዛኛው ክፍል ሊሆን የሚገባው ደረቅ ድርቆሽ ነው፣ ከቤት እንስሳት መደብር ይገኛል። ትኩስ ሣር መስጠት ለሚወድ ቤተሰብ የስንዴ ወይም የአጃ ፍሬ በሳህን አፈር ላይ ዘርቶ በመስኮት ሥር ማብቀል ይቻላል፤ ለሰንበቴ ቄጤማ ማዘጋጀት ለለመደ ቤት ይህ ከባድ ሥራ አይሆንም። ውጭ መውጣት ካለባት የታጠረው ቦታ ኬሚካል እንደማይነካው ባለቤቱ በእርግጠኝነት የሚያውቀው፣ ከጎረቤት ሣር የሚወርድ የመስኖ ውሃ የማይደርስበት መሆን አለበት። ጎረቤትን መጠየቅ ነውር አይደለም። ከመንገድ ዳር፣ ከመናፈሻና ከትምህርት ቤት ሜዳ የታጨደ ሣር ይዞ መምጣት ግን መቅረት አለበት፤ ማን እንደረጨው አይታወቅም፤ በዚያ ላይ እ.ኤ.አ. ከ2020 ጀምሮ በኮሎራዶ የዱር ጥንቸሎች ውስጥ የታየው ገዳይ የደም መፍሰስ በሽታም በሣር በኩል ይተላለፋል።

ጫማ በር ላይ ማውለቅም ከልማድ በላይ ዋጋ አለው። በ1990ዎቹ በአሜሪካ የተደረጉ ጥናቶች ግቢ ላይ የተረጨው ቱ-ፎር-ዲ በጫማና በውሻ መዳፍ ተይዞ ቤት ውስጥ ወለልና ምንጣፍ ላይ እንደሚገኝ አሳይተዋል። በቤት ውስጥ የሚያበሰብሰው ፀሐይም ሆነ የአፈር ተሕዋስያን ስለሌሉ ከውጭው ይልቅ ረዘም ላለ ጊዜ ይቆያል። ወለል ላይ የምትውል ጥንቸል ደግሞ እግሯን ትልሳለች።

ከሚረጨው ይልቅ የሚበተነው አንዳንድ ጊዜ ይከፋል። ሜታልዲሃይድ ያለበት የቀንድ አውጣ ማጥፊያ እንክብል እንስሳት የሚወዱት ጣዕም ስላለው ተፈልጎ ይበላል፤ በጥቂት ሰዓታት ውስጥም ያንቀጠቅጣል። የአይጥ መርዞቹ፣ ብሮዲፋኩምን የመሳሰሉት፣ ደም እንዳይረጋ የሚያደርጉ በመሆናቸው ምልክታቸው የሚታየው ከቀናት በኋላ ነው፤ በጊዜ የደረሰ ሐኪም ግን በቫይታሚን ኬ ሊያድናት ይችላል። ማዳበሪያና ፀረ-አረም በአንድ ላይ የተቀላቀለበት ጠጠር መሰል ምርትም በሣር ሥር ሳይሟሟ ለቀናት ይቀመጣል።

ጥንቸሏ መብላት ካቆመች፣ ምራቋ ከተዝረበረበ፣ ከተንቀጠቀጠች ወይም ኩሷ ከቀረ፣ እስኪነጋ መጠበቅ አይገባም። እንድታስታውክ መሞከር ከንቱ ነው፤ ጠጉሯ ላይ የቀረ ነገር ካለ እንዳትልሰው በእርጥብ ጨርቅ መጥረግ፣ የኬሚካሉን ከረጢት ወይም የመለያ ጽሑፉን ፎቶ ይዞ ወደ ሐኪም መሄድ ይበጃል። ሁሉም የእንስሳት ሐኪም ጥንቸል አያክምም፤ ስለዚህ የሚያክመው ክሊኒክ የት እንዳለ፣ ሌሊት ክፍት መሆን አለመሆኑ አስቀድሞ ቢታወቅ መልካም ነው። ምክንያቱ ቀላል አይደለም። ለማላታዮንና መሰሎቹ መርዝ የሚሰጠው የተለመደ ማርከሻ አትሮፒን ነው፤ አንዳንድ ጥንቸሎች ግን አትሮፒንን በፍጥነት የሚያፈርስ ኤንዛይም በደማቸው ውስጥ አላቸው። ለውሻ የሚበቃው መርፌ ለእርሷ ላይበቃ ይችላል፤ ይህን የሚያውቅ ሐኪም ሌላ መድኃኒት ይመርጣል።

ኮሎራዶ ለሣር ያላት ፍቅር በውሃ እጥረት ምክንያት እየቀዘቀዘ ነው። በጥቂት ውሃ የሚያድጉ ተክሎችን የመትከል ዘዴ ዛሬ በዓለም የሚጠራበትን ዜሪስኬፕ የተባለ ስም እ.ኤ.አ. በ1981 ያወጣው የዴንቨር የውሃ ድርጅት ነው። አውሮራም በ2022 በአዳዲስ ግንባታዎች ላይ የሚተከለውን ሣር የሚገድብ ደንብ አጽድቃለች። በ2024 የወጣው የስቴቱ ሕግ ደግሞ ከጃንዋሪ 1 ቀን 2026 ጀምሮ በንግድ ቦታዎች፣ በመንገድ አካፋዮችና በቤት ባለቤቶች ማኅበራት የጋራ መሬቶች ላይ ለጌጥ ብቻ የሚሆን ሣር እንደ አዲስ እንዳይተከል ይከለክላል። ቀድሞ የተተከለውን አይነካም፤ የግለሰብ ቤት ጓሮንም አይመለከትም።